የአእምሮ ቅልጥፍናና የስፖርት ችሎታ

ስለ ስፖርተኛ ችሎታ በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስበው የጡንቻን ጥንካሬና የእግርን ፍጥነት ነው። ነገር ግን በተለይ በኳስ ጨዋታ፣ ዐይን ያየውን ቶሎ ተረድቶ የሚበጀውን የሚመርጥ አእምሮ ከጡንቻ ያላነሰ ድርሻ አለው። ታዲያ የአእምሮን ቅልጥፍና በፈተና ለክቶ፣ «ይህ ልጅ ወደፊት ጥሩ ተጫዋች ይሆናል፤ ያኛው ግን አይሆንም» ብሎ መተንበይ ይቻላልን?

በመጀመሪያ የበረኛን ሥራ እንመልከት። የፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ከግቡ መሥመር 11 ሜትር ርቆ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት የሚያቋርጠው በ0.4 ሴኮንድ ያህል ነው። ከዚህም ውስጥ 0.2 ሴኮንድ ገደማ የሚያልቀው ዐይን ካየ በኋላ አካል መንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ ነው። በተረፈው ጊዜ እስከ ግቡ ማዕዘን ተወርውሮ መድረስ እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህም ልምድ ያለው በረኛ ኳሱ እስኪመታ አይጠብቅም፤ የመቺውን እግሮች አኳኋን ተመልክቶ የኳሱን አቅጣጫ አስቀድሞ ይገምታል።

ይህ ችሎታ ከየት ይመጣል? በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሊቅ ኸርበርት ሳይመንና የሥራ ባልደረባው ለቼዝ ተጫዋቾች የጨዋታ ገበታ ለ5 ሴኮንድ ብቻ አሳዩ። ጠጠሮቹ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሊቀ ተጫዋቹ ከጀማሪው እጅግ የበለጠ አስታወሰ። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲደረደሩ ግን ብልጫው ጠፋ ማለት ይቻላል። በ1980 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገው ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ከዚህ የምንረዳው፣ የሊቅነት ምንጭ የማስታወስ ኀይል ብቻ ሳይሆን በልምድ የተከማቸ የጨዋታ ዕውቀት መሆኑን ነው።

በሌላ በኩል፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ከኳስ ጋር ግንኙነት በሌለው ፈተና መዘኗቸው። ከፈተናዎቹ አንዱ ነጥቦችን በመሥመር እያገናኙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብዙ የተለያዩ ቅርጾችን መሥራት ነበር። የከፍተኛው ዲቪዚዮን ተጫዋቾች ከዝቅተኛው የተሻለ ውጤት አገኙ። ከዚህም በላይ፣ በፈተናው የላቁት በተከታዮቹ ሁለት የውድድር ዘመናት ብዙ ግብ ወደ ማግባትና ለግብ የሚሆን ኳስ ወደ ማቀበል ያዘነብሉ ነበር።

ይሁን እንጂ የተፈተኑት ተጫዋቾች ቁጥር ከ60 አይበልጥም ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ጽሑፍ ደግሞ፣ ጥሩ ስፖርተኞችን ከሌሎች ይበልጥ የሚለየው አጠቃላይ የአእምሮ ፈተና ሳይሆን በራሱ በስፖርቱ ላይ የተመሠረተ የውሳኔ ፈተና መሆኑን አመለከተ።

እንግዲህ አእምሮ ለስፖርት ያለው ጥቅም አያጠራጥርም። ነገር ግን አሠልጣኝ በአንድ የወረቀት ፈተና ብቻ ተመርቶ አንዱን ልጅ ቢመርጥ፣ ሌላውንም ከሜዳ ቢያስወጣ፣ ገና በልምምድ ሊያድግ የሚችለውን ችሎታ በእንጭጩ ይቀጨዋል። ጨዋታን ማንበብ የሚለመደው፣ ፊደልን ማንበብ እንደሚለመደው ሁሉ፣ ደጋግሞ በመሥራት ነው።