የአሶሳን ቀትር የማይችል ትራንዚስተር

ይህን ወሬ የምናውቀው ካውያ ይዘን ከመድረክ ጀርባ የምንቀመጥ ጥቂት ሰዎች ነን፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። መጋቢት ላይ አሶሳ ውስጥ የቀን ሠርግ ታድማችሁ፣ ጊታሩ በዘፈኑ መሀል ድንገት ሲሰልል፣ ኖታው ገና ሳያልቅ እየተቆረጠ ሲንተፋተፍ ብትሰሙ ጊታሪስቱን አትውቀሱት። እግሩ ሥር ያለችው የቆርቆሮ ሳጥን ሞቋት ነው።

ሳጥኗን ፋዝ እንላታለን። የጊታሩን ድምፅ የምታሻክርና የምታስረዝም፣ በእጅ የምትሠራ ትንሽ ዕቃ ናት። ውስጧ ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ሁለት ቮልዩምና አንዲት የ9 ቮልት ባትሪ ብቻ አለ። ንድፏ አርቢተር የተባለው የለንደን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ካወጣት፣ ጂሚ ሄንድሪክስም ስሟን ካገነነላት «ፋዝ ፌስ» የተቀዳ ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ይመጡና እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ የታተመውን የሙላቱ አስታጥቄን አልበም ከፍተው «ጋሼ፣ ጊታሬን እንዲህ አድርግልኝ» ይላሉ። እውነቱን መንገር የኛ ፋንታ ነው፤ እዚያ ላይ የሚሰማው ዋ-ዋ ነው፣ በእግር እየተጫኑ ድምፁን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሌላ ፔዳል። ያን መሥራት ይከብዳል። ፋዝን ግን ካውያና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይሠራታል።

ትራንዚስተሮቹ የሚመጡት ከሞቱ ሬዲዮኖች ነው። ጠጋኞች ጓሮ ከተከመሩት አሮጌ የፊሊፕስና የጃፓን ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ ኤሲ 128 ወይም ቁጥራቸው በ2ኤስቢ የሚጀምር የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ይወጣሉ። ጊታሪስቶች ይሞቱላቸዋል። ድምፃቸው ለስለስና ሞላ ያለ ነው፤ የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት ሻካራነቱ ይጠፋና ጥርት ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ግን ጀርማኒየም እንደሚያፈስ ነው።

ዝግ መሆን ሲገባው እንኳ ጥቂት ከረንት ሾልኮ ያልፍበታል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚሾልከው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ በማታ ብርድ የተስተካከለች ፋዝ አሶሳ ወርዳ፣ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ፣ በድንኳን ሙቀት በቀን ስምንት ሰዓት ስትበራ ሌላ ዕቃ ሆና ትገኛለች። በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር በሚባለው እግር ላይ 4.5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት፤ የባትሪው እኩሌታ ማለት ነው። ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ቦታ የሚያገኘው እዚያ ሲቀመጥ ነው። ሙቀቱ ሲገፋው ከዚያ ይሸሻል፣ የሞገዱ አንዱ ጎን ይታነቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ብዙ ሰው ያኔ ትራንዚስተሩ ተቃጠለ ብሎ ይጥለዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ያው ሳጥን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ንድፉ ላይ ከሁለተኛው ኮሌክተር ጋር የተያያዘውን የ8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥታችሁ በቦታው በጠመንጃ መፍቻ የሚዞር ባለ 20 ኪሎ ትሪመር አስገቡ፤ ከዚያ ቴስተሩን ኮሌክተሩ ላይ አድርጋችሁ 4.5 እስኪያነብ አዙሩት። ዋናው ምሥጢር ሰዓቱ ላይ ነው፦ ማስተካከያው የሚደረገው ሳጥኗ በምትሠራበት ቦታና በምትሠራበት ሙቀት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አሶሳ ላይ ቀን ለሚጫወት ሰው ሲሊኮን ይሻለዋል። ቢሲ 108 ወይም ቢሲ 547 ሙቀት አይበግረውም። ጥርሱ ትንሽ ይሾላል፣ አንዳንዴም የሬዲዮ ጣቢያ ይስባል፤ በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ኮሌክተርና ቤዝ መካከል 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ስታስገቡ ሁለቱም ይረግባሉ።

ሁለተኛው ሹክሹክታ ስለ አዳፕተር ነው። ከእነዚያ አሮጌ ሬዲዮኖች የሚወጡት ትራንዚስተሮች አብዛኞቹ ፒኤንፒ ናቸው፤ በመጀመሪያው ንድፍ ሲሠሩ ግራውንዱ ፖዘቲቩ ይሆናል። አብዛኞቹ ሌሎች ፔዳሎች ግራውንዳቸው ኔጌቲቩ ነው። ሁሉንም በአንድ አዳፕተር ካገናኛችኋቸው በጃኮቹ ቆርቆሮ በኩል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይነካካሉ፣ ሾርት ይሆናል። ባንዱ ሊጀምር ሲል መድረኩ ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፒኤንፒ ፋዝ የራሷ ባትሪ ይኑራት።

አሁን ወደ ክራር። እዚህ አካባቢ ጊታር ካለው ይልቅ ክራር ያለው ይበዛል፤ ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው የሱዳን ዜማም ለክር መሣሪያ ይመቻል። ክራሩ ገበታ ላይ ፒዬዞ ትለጠፋለች፤ አላርም ከሚጮህ ሰዓት ውስጥ የምትወጣው ጠፍጣፋ የነሐስ ቁራጭ ማለት ናት። ልጁ ክራሩን በቀጥታ ፋዝ ውስጥ ይሰካና «ድምፁ ትንኝ ሆነብኝ» ብሎ ይመጣል። ፒዬዞዋን ሦስት ጊዜ ቀይሯል፣ ሙጫውን ቀይሯል፣ ገመዱን ቀይሯል። ጥፋቱ አንዳቸውም ጋ የለም።

ፒዬዞ በባሕርይዋ ትንሽ ካፓሲተር ናት፤ 20 ናኖፋራድ እንበል። የፋዝ መግቢያ ደግሞ በ10 ኪሎ ኦም አካባቢ ይጎትታታል። ሒሳቡን ስትሠሩት ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። የክራሩ ክሮች ዋና ድምፅ ያለው ግን ከዚያ በታች ነው! የቀረለት ጥፍሩ ክሩን ሲመታ የሚወጣው ቅጭልጭልታ ብቻ ነው። ከፋዙ በፊት በአንድ ጄፌት ትራንዚስተር የተሠራ፣ ፒዬዞዋን ከፋዙ ጉተታ የሚጠብቅ በፈር፣ መግቢያው ላይ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር አድርጋችሁ ስታስገቡ ያ የ800 ኸርዝ ድንበር ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ክራሩም ሆዱን መልሶ ያገኛል። ለጊታር ግን ይህን በፈር አታድርጉ። የጊታሩ ፒካፕና የፋዙ መግቢያ በቀጥታ ሲገናኙ ነው ያ በቮልዩም የሚጠራው ድምፅ የሚወጣው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው፣ ለዚህም ነው ከሰው ሳጥን ተውሶ መድረክ መውጣትን የማልወደው።

ክራርን ማሻከር ባህል ማበላሸት ነው የሚሉኝ አሉ። እነሱን በገና እንዲያስተውሉ እለምናቸዋለሁ። በገና ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ ክሩ ሲርገበገብ እየነካካት ያ የሚታወቀው እዝዝታ ይወጣል። ያለ እንዝራ በገናው የሳሳ ነው። የበርታ ሕዝብን የቅል መለከት፣ ዋዛን፣ የሰማ ጆሮም፣ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን አንዲት ድምፅ በተራው ከቅሉ ሲያወጣ፣ ድምፅ ጠርዝ እንዲኖረው የሚፈልግ ጆሮ ነው። አባቶቻችን በቆዳና በቅል የፈለጉትን እኛ በሁለት ትራንዚስተር እንፈልጋለን።

ሳጥኗ ጭራሽ ዝም ስትልስ? መጀመሪያ ፔዳሏን ሳታበሩ ጊታሩ ያልፍ እንደሆነ ስሙ። ካላለፈ ችግሩ ጃኩ፣ ገመዱ ወይም ስዊቹ ላይ ነው፤ ቦርዱን አትንኩት። ካለፈ ባትሪውን ለኩ። የመግቢያው ጃክ ባለ ሦስት እግር ሲሆን ገመዱ በተሰካ ቁጥር ባትሪው ይበራል፤ ሳይነቅል ብዙ ቀን የተወው ሰው የሞተ ባትሪ ያገኛል። ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ጠጋኞቹ ዘዴ እንሂድ። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣ ገመድ ጫፍ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይዱ፣ የገመዱን ግራውንድ ከሳጥኗ ግራውንድ ጋር እሰሩ። አንዱ ሰው ጊታሩን እየመታ፣ እናንተ በካፓሲተሩ ጫፍ ከመግቢያው ጀምሮ የድምፁን መንገድ ነጥብ በነጥብ ንኩ። ድምፁ በመጨረሻ በተሰማችሁ ነጥብና በጠፋባችሁ ነጥብ መካከል ጥፋቱ አለ። በዚህ መንገድ ያላገኘሁት ጥፋት ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ያልቀለጠ ሊድ ነው፤ ላዩ የደበዘዘና የሻከረ ብየዳ። ድምፁ እየመጣ እየሄደ ካስቸገረ ቦርዱን በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ቀርከሃ ከረንት አያስተላልፍም፣ በክልላችን ደግሞ ሞልቷል። የሚንኳኳው ቦታ ሲገኝ ካውያውን አስጠግታችሁ እንደገና አቅልጡት። ክረምቱ እዚህ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ቦርዱ ላይ የቀረውን የብየዳ ዝቃጭ በአልኮል ጥረጉት፤ እርጥበት ሲያገኘው ከረንት ያሾልካል።

ሥራው ሲያልቅ ትሪመሩ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አደርጋለሁ፣ በመንገድ ላይ ንዝረት እንዳያዞረው። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ በእስክሪብቶ ወሩን፣ ሰዓቱንና ኮሌክተሩ ላይ ያነበብኩትን ቮልት እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ጠጋኝ አሶሳ ይሁን ባምባሲ፣ ሳጥኗን ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።