ከመዳብ ልባስ ሥር ያለው አሉሚኒየም

ከእንጅባራ በጫግኒ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ተሽከርካሪ፣ ባጃጅም ይሁን የጭነት መኪና፣ መብራቱን፣ ክላክሱንና ሞተሪኖውን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው በአብዛኛው የመዳብ ሽቦ ነው። መዳብ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ከብር ቀጥሎ የሚመደብ ቢሆንም ከባድና ውድ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 8.96 ግራም ሲመዝን የአሉሚኒየም ግን 2.7 ግራም ብቻ ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመሮች በመሃሉ የአረብ ብረት ማጠናከሪያ ባለው የአሉሚኒየም ገመድ የሚዘረጉትም ስለዚሁ ነው። በመኪና ውስጥ ግን አሉሚኒየም ብቻውን ያስቸግራል፤ አየር ሲነካው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ መጋጠሚያው ይሞቃል።

ባይሜታል ሽቦ፣ ማለትም ሁለት ብረታ ብረቶች ተጣብቀው የሚሠሩት ሽቦ፣ ይህን ለመሻገር የተበጀ ነው፤ በተለመደው ዓይነት እምብርቱ አሉሚኒየም፣ ልባሱ መዳብ ሲሆን የመዳቡ ድርሻ ከይዘቱ 10 ወይም 15 በመቶ ነው። የዲሽ ገመድ የመሃል ሽቦም ብዙ ጊዜ መዳብ የለበሰ አረብ ብረት ነው፤ የሳተላይት ሞገድ በሽቦው ላይኛ ገጽ ብቻ ስለሚጓዝ የውስጡ ደካማነት አይጎዳውም። የመኪና ባትሪ ግን ቀጥተኛ ጅረት ስለሚሰጥ ጅረቱ በሽቦው ውፍረት ሁሉ ይፈሳል፤ ልባሱ መጋጠሚያውን ያሻሽላል እንጂ እምብርቱን መዳብ አያደርገውም።

በባይሜታል ሽቦ ላይ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። 10 በመቶ መዳብ ያለው ሽቦ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ 63 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍ የሚባክነው ቮልቴጅ 0.46 ሲሆን፣ በእኩል ውፍረት ባለው ባይሜታል ግን ወደ 0.73 ይደርሳል፤ ሙቀቱም 1.6 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ ወደ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ብክነቱ ከመዳቡ አይበልጥም፣ ክብደቱ ግን ከሲሶ በላይ ይቀላል፤ ይህም ከነዳጅ መኪና ከእጥፍ በላይ መዳብ ለሚፈጀው የኤሌክትሪክ መኪና ቀላል ጥቅም አይደለም። ስለዚህ ሽቦውን በጅምላ «የውሸት መዳብ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ማጭበርበር የሚሆነው በዚያው ውፍረት ንጹሕ መዳብ ተብሎ ሲሸጥ ነው። ማግኔት አሉሚኒየምን ስለማይስብ ለመለየት አይረዳም፤ ላዩ በስለት ሲፋቅ ነጭ እምብርት ከታየ ግን ባይሜታል ነው። (ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ቀይ የሆነው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነውና በነጭነቱ ሊጠረጠር አይገባም።)

የማይሸሸው ድክመት የተቆረጠው ጫፍ ነው። በዚያ ሁለቱ ብረታ ብረቶች ጎን ለጎን ስለሚጋለጡ፣ ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጫግኒ ባለ አካባቢ ውኃ ሲያገኛቸው አንዲት ትንሽ ባትሪ ይፈጥራሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው፤ በመሆኑም ጫፉ ከመዳብ በበለጠ ጥንቃቄ በማያያዣ ተጨምቆ፣ ውስጡ ማጣበቂያ ባለውና በሙቀት በሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ መታሸግ ይኖርበታል።