የተሸሸጉትን እናቶች ያከሙ ሐኪም

በዚህ የቤተሰብ አምዳችን ልናነሳ የወደድነው በየመንደሩ እየታወቀ በአደባባይ የማይነገር፣ ሴቶቻችን እንኳ እርስ በርስ በሹክሹክታ ብቻ የሚያወሩት ጉዳይ ነው። ይኸውም ምጥ ጠንቶባት ሽንቷን መቆጣጠር የተሳናት እናት ጉዳይ ነው። ይህን ሕመም በአገራችን ስድሳ ዓመት ያህል ሲያክሙ ኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ስላረፉት አውስትራሊያዊት የማህፀን ሐኪም፣ ስለ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እናወጋችኋለን። በእምነታቸው ክርስቲያን ነበሩ። ደጃቸውን የረገጠችውን እናት ግን ሙስሊም ነሽ ክርስቲያን ብለው አልለዩም፤ ከሐረርም መጣች ከጎጃም ሁሉም እኩል አልጋ ነበራት።

ከሐኪሟ በፊት ግን ሕመሙን እንወቀው። በአዊ ዞን በጥርባና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ምጥ የጀመራት ሴት አስቀድማ የምትተማመነው በእናቷና በልምድ አዋላጇ ነው። ነገሩ ከተሳካ እሰየው፤ ሳይነጋ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ካልተሳካስ? አንድ ቀን ይታለፋል፣ ሁለተኛው ቀን ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ ይህን ሌላው ያን ይላል። ቃሬዛ ላይ ትውጣ የሚለው ምክር የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።

በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ በእናቲቱ ገላ የሚሆነው ይህ ነው። መውጫ የጠበበው የሕፃኑ ራስ በእርሱና በዳሌዋ አጥንት መካከል ያለውን ስስ ሥጋ ይጫነዋል። የተጫነው ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ተላቆ ሲወድቅ በሽንት ፊኛና በብልቷ መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ አንዳንዴም በዓይነ ምድር በኩል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ሌት ተቀን ይፈሳል። ሐኪሞች ፊስቱላ የሚሉት ይህን ነው። ልጇን ያጣችው ሴት ባሏን ታጣለች፤ ከባሏ ቀጥሎ ቡናውን፣ ለቅሶውን፣ ሠርጉን ታጣለች። ሽታው እንዳይከፋ ብላ ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ይህ ደግሞ ሽንቱን ያከረዋል፣ ሽታውንም ያብሰዋል። ከጉዳቱ ጋር የእግር ነርቭ ተነክቶባት መራመድ የሚያቅታትም አለች። እርግማን የሚሉት አሉ፣ የዓይን ነገር የሚሉት አሉ። እኛ ግን እንላለን፤ ቁስል ነው። ሰዓት ያለፈበት ምጥ ያመጣው ቁስል።

ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1924 በሲድኒ ከተማ ተወለዱ። በ1946 ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ከተማ ክራውን ስትሪት በተባለው የሴቶች ሆስፒታል ሲሠሩ የሆስፒታሉ ኃላፊ ከነበሩት ከኒውዚላንዳዊው የማህፀን ሐኪም ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ጋር ተዋውቀው በ1950 ተጋቡ፤ ሪቻርድ የተባለ አንድ ልጅም ወለዱ። ኑሯቸው የደላ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበቡ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል። በ1959 የሦስት ዓመት ውል ይዘው፣ ልጃቸውን አስከትለው አዲስ አበባ ገቡ።

እዚህ ላይ ስለ ሆስፒታሉ ስም አንድ ነገር ብንል ከጉዳያችን አያወጣንም። ልዕልት ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረዋል። ከድል በኋላ ግን ገና በወጣትነታቸው፣ በ1942፣ ለቀምት ላይ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው አለፈ። ሆስፒታሉ መታሰቢያቸው ነው፤ በኋላ ዘመን ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው እርሱ ነው። ነርስ የሆነች የንጉሥ ልጅ ከወሊድ አደጋ ካልዳነች፣ ያን ጊዜ አገው ምድር ይባል በነበረው አውራጃ መንገድ ከማይደርስበት ቀበሌ ያለች ምስኪን ምን ነበራት?

ሐምሊኖች እንደመጡ ከቀደሟቸው ሐኪሞች አንዱ የፊስቱላ ሕመምተኞችን ስታዩ ልባችሁ ይደማል ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። እንዳለውም ሆነ። ሴቶቹ ቀናት ሙሉ በእግርና በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በየመንገዱ ከአውቶቡስ ውረዱ እየተባሉ ይመጡ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች ግን ይህን ሕመም በትምህርት ቤት በመጽሐፍ ነው እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። በበለጸጉት አገሮች የቀዶ ጥገና ማዋለድ ስለተስፋፋ ፊስቱላ ከጠፋ ቆይቷልና! ስለዚህ ከዚያ በፊት በሌሎች አገሮች የነበሩ ሐኪሞች የጻፉትን እየፈለጉ አነበቡ፣ ሥዕሎቻቸውን አጠኑ፣ ከዚያም ቀዶ ጥገናውን ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 300 ያህል ሴቶችን አከሙ።

በነገራችን ላይ በዚህ ሕክምና ስማቸው ከገነነ ሐኪሞች አንዱ የካይሮው ናጊብ ማህፉዝ ፓሻ ነበሩ። በ1988 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ግብፃዊ ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። እናቱ በ1911 በብርቱ ምጥ ተይዛ ሳለ ያዋለዷት እኒህ ሐኪም ነበሩና ወላጆቹ በውለታቸው ልጁን በስማቸው ጠሩት። በጊዜው የደረሰ ሐኪም የሚያደርገውን ተመልከቱ!

ሽታውን ሌሎቹ ሕመምተኞች ስላልቻሉት ሐምሊኖች በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ግቢ ለፊስቱላ እናቶች የተለየ ትንሽ ማረፊያ አሠሩ። የሚመጡት እየበዙ ሲሄዱ ማረፊያው አልበቃ አለ። ከብዙ ድካምና ልመና በኋላ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ያ ዓመት አብዮቱ የፈነዳበት ነው። ብዙ የውጭ ሰው ሻንጣውን ሲይዝ ባልና ሚስቱ አልሄዱም፤ የሦስት ዓመቱ ውል ዕድሜ ልክ ሆነ። ሕክምናው በነፃ ነው። ተሽሏት የምትወጣ ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ይዛ ትሰናበታለች። ቀሚሱን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ካለ፣ ለዓመታት በእርጥብ ጨርቅ ስትኖር ለነበረች ሴት ደረቅ ልብስ ምን ማለት እንደሆነ ያስብ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷን በስሟ ብናነሳ ደስ ይለናል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በ1962 ገና በ16 ዓመታቸው ከቀናት ምጥ በኋላ ልጃቸውን አጥተው፣ ክፉኛ ተጎድተው ወደ ሐምሊኖች መጡ። ጉዳታቸው ከባድ ስለነበር ደጋግመው ተቀደዱ። ፊደል አልቆጠሩም። ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚያው አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ መንከባከብ ጀመሩ። ዶክተር ሬጂናልድ ቅልጥፍናቸውን አይተው በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ እንዲያቀብሉ አደረጓቸው፤ ኋላም እጃቸውን ይዘው አስተማሯቸው። እኒህ ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆኑ፤ ከውጭ አገር የመጡ ዶክተሮች አጠገባቸው ቆመው ተምረዋል። በ1989 ከሐምሊኖች ጋር ከለንደኑ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበሉ። በ2018 ቢቢሲ ከዓለም 100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መርጧቸዋል። ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን የሚል ወላጅ ዛሬም አይጠፋምና ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ብታነቡላቸው ምን ይመስላችኋል?

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 አረፉ። ዶክተር ካትሪን ብቻቸውን ሥራውን ቀጠሉ፤ እንዲያውም የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ፈጽሞ መዳን ላልቻሉት እናቶች ደስታ መንደር የተባለ ማረፊያ ተቋቋመ። በ2005 በባሕር ዳር የመጀመሪያው የክልል ማዕከል ተከፈተ፤ ከዚያም መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ተከተሉ። በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 በላይ ናቸው። ሽልማቱን ብንቆጥረው ብዙ ነው፤ በ2012 የተሰጣቸውን የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ብቻ እናንሳ።

እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን ግን በስተርጅና ያደረጉት ነው። ቀዳዳውን ሲሰፉ ቢውሉ የሚቀደደው እንደማያልቅ ያዩት እኒህ ሐኪም በ2007፣ በ83 ዓመታቸው፣ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅን ከፈቱ። ኮሌጁ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን ወጪያቸውን ችሎ በዲግሪ ያስተምርና ተመልሰው በገጠር ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ይልካል። በ1959 በላንሴት ማስታወቂያ ተጠርተው የመጡበት ሥራ የአዋላጅ ትምህርት ቤት መክፈት አልነበረምን? ከ48 ዓመት በኋላ ወደዚያው ተመለሱ።

የእነዚህ ሴት አዋላጆች መኖር ለእኛ ቤተሰቦች የተለየ ትርጉም አለው። ሚስቴን ወንድ አያያትም እያለ ምጥ የጠናባትን ሴት ቤት የሚያስቀር አባወራ አለና። ሴት ባለሙያ ካለች እሰየው፤ ከሌለች ግን ዑለሞቻችን በዶሩራ ጊዜ ወንድ ሐኪም እንዲያክማት የፈቀዱ መሆኑን ይህ አባወራ ሊያውቅ ይገባል። ሌላም አለ። ሽንቷ የሚፈስባት እህት ውዱኧ አይጸናልኝም ብላ ከሶላት ርቃ፣ በረመዳን እንኳ ሰው ፊት ሳትወጣ የምትኖርበት ጊዜ አለ። ፊቅህ ግን እንዲህ ላለችው ሴት በር ከፍቶላታል፤ ወቅቱ ሲገባ ራሷን አጽድታ፣ ጨርቋን አጥብቃ፣ ለየሶላቱ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚፈሰው አይያዝባትም። ዝርዝሩን በአካባቢዋ ያለን ዓሊም ትጠይቅ። ባሎችንም እንጠይቃለን፦ የአንተን ልጅ ልትወልድ ስትል የተጎዳችን ሴት በየትኛው ፍርድ ነው ወደ አባቷ ቤት የምትመልሳት?

ወደ ጥርባ እንመለስ። ዛሬ ነገሩ እንደ ጥንቱ አይደለም። እንጅባራ ላይ ሆስፒታል አለ፤ ዳንግላም አለ። በየጤና ጣቢያው ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸው ሲደርስ ቀድመው መጥተው የሚቆዩበት የእናቶች ማረፊያ ቤት ማዘጋጀት እየተለመደ መጥቷል። ይህ ለገጠሯ እናት ትልቅ ነገር ነው፤ ምጡ ሲጀምራት ወንዙና ዳገቱ ኋላዋ ቀርቷልና። ሰውነቷ ገና ያልጠነከረ፣ በልጅነቷ የተዳረች፣ ቁመቷ አጭር የሆነች፣ ከዚህ በፊት በምጥ የተቸገረች ሴት ካለች ቤተሰቡ ወሩ ሲገባ መጓጓዣውንና አጃቢውን አስቀድሞ ይወስን። ለማንኛዋም እናት ቢሆን አንድ ሌሊት ሙሉ አምጣ ፀሐይ ከወጣባት ዱዓውን በመንገድ ላይ ማድረግ ይቻላል።

ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2020፣ በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ለአዊ ሰው ቅርብ የሆነው የባሕር ዳሩ ማዕከል ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳንግላ ደግሞ 80 ገደማ ይርቃል። ሕመሙ የቆየባት ሴት ለቀዶ ጥገና ትያዛለች፤ ከአሥር ዓመት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መጥተው የዳኑ አሉ። ከወለደች ጥቂት ቀናት ብቻ የሆናት፣ ቀዳዳውም ትንሽ የሆነ እናት ግን ፈጥና ከደረሰች፣ ሽንቷን በቀጭን ቱቦ እያስወጡ ለሳምንታት ፊኛዋን በማሳረፍ ብቻ ያለ ቀዶ ጥገና ሊደፈንላት ይችላል።