ጎሕ ሲቀድ ፕላኔቶችንና ጨረቃን በተራ ካሜራ ማንሳት

የሥነ ፈለክ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፕ ስለሌለን ደግሞ ነገሩን ለሌላ ትተን እንቀመጣለን። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ፕላኔቶችና ጨረቃ ከንጋት በፊት በአንድ አካባቢ ሲታዩ አንድ ተራ ካሜራና ማቆሚያ ይዞ የወጣ ተማሪ የሥርዓተ ፀሐይን ቅርጽ በፎቶ መያዝ ይችላል። በካሜራው ላይ የምንሞላቸው ቁጥሮችም ዝም ብለው የሚገመቱ አይደሉም። አንደኛ ዓመት በተማርነው ፊዚክስ ይሰላሉ።

የ2008ቱ ስብስብ

ምሳሌ የማደርገው በጥርና በየካቲት 2008 ዓ.ም. የታየውን ነው። ከጥር 11 ቀን 2008 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 20 ቀን 2016) ገደማ ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል በዓይን የሚታዩት አምስቱም ፕላኔቶች ከንጋት በፊት በአንድ ሰማይ ላይ ነበሩ። ከምሥራቅ አድማስ ተነስተን ወደ ላይ ስንቆጥር ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ሳተርን፣ ማርስና ጁፒተር ናቸው። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ስለዚህ የዚያን ሌሊት በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ያደረ ሰው፣ ቀና ብሎ አይቶ ከሆነ፣ ቢያንስ አራቱን ያለ ችግር አይቷቸዋል፤ ስማቸውን ይወቅም አይወቅ። የአጥቢያ ኮከብ እያልን የምንጠራትን ቬነስን ግን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ያኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ፎቶ ቤት ያለው አጎቴ ካሜራውን ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር አዋሰኝ፤ ያነሳሁትም ጥር 28፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው። የዚያን ቀን ከአሥር አንድ እጇ እንኳ ያልበራ ቀጭን ጨረቃ ከቬነስና ከሜርኩሪ ጋር ሦስት ማዕዘን ሠርታ ነበር። ክንዳችንን ዘርግተን ስንጨብጥ የጭብጣችን ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሦስቱም በዚያ ውስጥ ይገቡ ነበር። የቁጥሮቹን ምክንያት የተረዳሁት ግን እዚህ ትምህርት ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው።

ለምን በአንድ መስመር?

ፕላኔቶቹ በሰማይ ላይ የተበተኑት እንደ ጥሬ አይደለም፤ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ነው የሚገኙት። መስመሩ የፀሐይ ዓመታዊ መንገድ ነው። ምክንያቱም የሁሉም ምሕዋር ከምድር ምሕዋር ጋር ተቀራራቢ በሆነ ጠለል ላይ ይገኛል። የሜርኩሪ ምሕዋር 7 ዲግሪ፣ የቬነስ 3.4፣ የሳተርን 2.5፣ የማርስ 1.9፣ የጁፒተር 1.3 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላል። የጨረቃ 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥርዓተ ፀሐይ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። እኛ ምጣዱ ውስጥ ሆነን ወደ ጠርዙ ስናይ የሚታየን መስመር ነው።

“ስብስብ” የሚለው ቃል ግን ለዓይናችን ብቻ ነው የሚሠራው። በዚያ ጠዋት ጨረቃ ከ400 ሺህ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስትሆን፣ ሜርኩሪ 140 ሚሊዮን፣ ቬነስ ደግሞ 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነበር። በፎቶው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ብርሃኖች አንዱ ከአንድ ሴኮንድ ትንሽ በለጥ ያለ፣ ሁለተኛው 8 ደቂቃ ያህል፣ ሦስተኛው 11 ደቂቃ ያህል የተጓዙ ናቸው።

የአገራችን ሰማይ ያለው ብልጫ

ሜርኩሪ ከፀሐይ ስለማይርቅ ለማየት አስቸጋሪ ነው ይባላል። ይህ አባባል የመጣው በአብዛኛው ከሰሜን አገሮች ነው። በጥር መጨረሻ ንጋት ላይ የፕላኔቶቹ መስመር አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ 63 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ይቆማል፤ ለንደን ላይ ግን 21 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ነው። የዚያን ቀን ሜርኩሪ ከፀሐይ የነበረው ርቀት 25.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ የሜርኩሪ ከፍታ፦

አዲስ አበባ፦ 25.5 × ሳይን 63 = 23 ዲግሪ ያህል
ለንደን፦ 25.5 × ሳይን 21 = 9 ዲግሪ ያህል

ልዩነቱ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ጥር በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ሰማዩን በጠባቡ ነው የሚያዩት። እዚህ የሚያስፈልገው ሰፋ አድርጎ የሚያይ ተራ ሌንስ ነው።

ያለን ጊዜ ግን አጭር ነው

ለብልጫው የምንከፍለው ዋጋ አለ። ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ንጋቱም ቶሎ ያልፋል። ከመጀመሪያው የጎሕ ጭላንጭል እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ጊዜ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ፀሐይ ከአድማስ በታች ከ12 ወደ 6 ዲግሪ እስክትደርስ 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ብቻ የንጋቱ ብርሃን ከ400 እጥፍ በላይ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር በየሦስት ደቂቃው እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ገና በጨለማ ብናነሳ መሬቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ብንዘገይ ሜርኩሪ በብርሃኑ ይዋጣል። ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ስትሆን ነው። በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ከ45 አለፍ ብላ ስለምትወጣ፣ ይህ 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ ይሆናል።

የካሜራው ቁጥሮች

1ኛ. ሌንስ። መካከለኛ ሴንሰር ባለው የተለመደ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በረጅሙ ጎን 26 ዲግሪ ያህል ይይዛል። የዚያን ጠዋት ሦስቱ አካላት በ12:10 ገደማ ከአድማስ በላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ስለነበሩ፣ ካሜራውን ወደ ላይ አቁመን ብናነሳ መሬቱም እነሱም በአንድ ይገባሉ። አምስቱን ፕላኔቶች ለመያዝ ግን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያስፈልግ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስቶ መቀጠል ነው።

2ኛ. ሹተር። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ሰማዩ በሴኮንድ 15 አርክ ሴኮንድ ይንቀሳቀሳል። ፒክስሉ 4 ማይክሮ ሜትር ከሆነ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንድ ፒክስል 16.5 አርክ ሴኮንድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሴኮንድ ፕላኔቷ አንድ ፒክስል ያህል ትሄዳለች። ሁለት ሴኮንድ ምንም አይል፤ አሥር ሴኮንድ ካልን ግን ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ሰረዝ ትሆናለች።

3ኛ. አፐርቸርና አይኤስኦ። በኤፍ 4፣ በአይኤስኦ 800፣ በ2 ሴኮንድ መጀመር፤ ከዚያ ብርሃኑ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሹተሩን በግማሽ መቀነስ ነው።

4ኛ. ፎከስ። አውቶማቲኩን አጥፍቶ፣ ቬነስን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ ትንሿ ነጥብ እስክትሆን በእጅ ማስተካከል። ከዚያ አለመንካት።

5ኛ. ማቆሚያ። የካሜራውን የሁለት ሴኮንድ ቆጣሪ መጠቀም ይገባል፤ የጣት ንክኪ እንኳ ፎቶውን ያናውጣል። ማቆሚያ የሌለው አንድ ከረጢት ጤፍ ወይም ስንዴ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ካሜራውን ቢያስደግፍ ይበቃዋል። የዛሬ ስልኮችም በእጅ የሚስተካከል አሠራር ካላቸው በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

የጨረቃ ጨለማው ጎን

በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ የሚወደው ከቀጭኑ ጨረቃ ጎን ደብዘዝ ብሎ የሚታየውን ሙሉ ክብ ነው። ይህ ከምድር ተንጸባርቆ ጨረቃ ላይ የደረሰ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ ምክንያቱን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጽፎታል። ጨረቃ ለእኛ ስትቀጥን፣ ከጨረቃ ላይ ለሚያይ ሰው ምድር ሙሉ ልትሆን የቀረበች ናት። ይሁን እንጂ ይህ ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ጠርዝ አሥር ሺህ ጊዜ ገደማ ይደክማል። ካሜራው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እኩል መያዝ አይችልም፤ መምረጥ አለብን። እኔ ጠርዙ ትንሽ ቢቃጠልም ደብዛዛው ክብ እንዲታይ ነው የምመርጠው።

“ምን ያመጣ ይሆን?”

ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ፕላኔቶች ሲሰለፉ ምድር ትናወጣለች የሚለው ወሬ ስብስብ በታየ ቁጥር ይነሳል። መልሱን ራሳችን እናስላው። የማዕበል ኃይል ከግዝፈት ጋር በቀጥታ፣ ከርቀት ሦስተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ቬነስ ከጨረቃ 66 ጊዜ ትገዝፋለች፤ እጅግ ስትቀርበን ግን የጨረቃን ርቀት 108 ጊዜ ያህል ትርቃለች። 108 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከ1.2 ሚሊዮን ይበልጣል። 66ን ለዚህ ስናካፍል የቬነስ ኃይል ከጨረቃ 19 ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። በጥር 2008 ደግሞ ከዚያ ርቀቷ አምስት እጥፍ ስለነበረች ኃይሏ እንደገና 125 ጊዜ ይቀንሳል። ሌሎቹም ቢደመሩ የሚያመጡት ለውጥ የለም። ለሚጨነቅ ጎረቤት ይህችን ስሌት ማስረዳት ከዚህ ትምህርት ክፍል የወጣ ሰው ግዴታ ይመስለኛል።

ፎቶውን ምን እናድርገው?

ፎቶው ለግድግዳ ብቻ አይደለም። በፕላኔቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በፒክስል ለክተን በ16.5 ብናባዛ በአርክ ሴኮንድ፣ ያንን ለ3,600 ብናካፍል በዲግሪ እናገኘዋለን። አድማሱም በፎቶው ላይ ስላለ፣ በፕላኔቶቹ ላይ መስመር አስምረን ከአድማሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለክተን ከላይ ካሰላነው ጋር ማስተያየት እንችላለን። አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

አምስቱ አንድ ላይ እስኪገኙ መጠበቅም አያስፈልግም። ጨረቃ በየወሩ በእያንዳንዱ ፕላኔት አጠገብ ታልፋለች። ቬነስና ጁፒተር ብቻቸውን እንኳ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ተጠጋግተው ነበር፤ ክረምት ስለሆነ ደመናው ከለላቸው እንጂ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ጥርት ያሉ ንጋቶች ግን የእኛ ናቸው። ያነሳችሁትን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ቁጥሮች ከጀርባው ጽፋችሁ በትምህርት ክፍላችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት አብረን እንለካዋለን።