በድምፅ የሚፈለግ ስም፦ ተረቱና እውነታው

የቤተሰቡን ሐረግ ለሚያጠና ሰው ከሚለገሱት ምክሮች አንዱ «ስለ አጻጻፉ አትጨነቅ፤ ሳውንዴክስ ስሙን በድምፁ ያገኘዋል» የሚል ነው። ምክሩ ለተፈጠረበት አገር ልክ ነው። ሳውንዴክስ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠው ስልት ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይይዛል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ ቀሪዎቹን ተነባቢዎች በድምፅ ቅርበታቸው መድቦ በሦስት አኃዝ ይተካል። የ1880፣ የ1900 እና የ1920 የአሜሪካ ቆጠራዎች ካርዶች የተደራጁት በዚህ መንገድ ነው። የተፈለገውም የልደት ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ለጡረታ ዕድሜያቸውን እንዲያረጋግጡ ነበር። ስሚዝ በ«አይ» ተጻፈ በ«ዋይ» ቁጥሩ አይለወጥም።

«እንግዲያው ለእኛም ይሠራል» የሚለው ግን ተረት ነው። የአዲስ አበባውን ሰፈር የቀጨኔን ስም ብቻ እንውሰድ። በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኬ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኪው»። ሳውንዴክስ መነሻውን ፊደል ስለማይነካ አንዱን ኬ250፣ ሌላውን ኪው250 ብሎ ይለያያቸዋል። በአንጻሩ ገብረማርያም፣ ገብረመድኅን፣ ገብረመስቀልና ገብረሚካኤል እንደ አንድ ቃል ሲጻፉ ሁሉም ጂ165 ናቸው። አንዱን ሁለት፣ አራቱን አንድ ያደርጋል ማለት ነው።

ከድምፁ ይልቅ የሚብሰው ችግር ሳውንዴክስ የቆመበት የቤተሰብ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የመጨረሻ ስም» ይዘው ይገኛሉ። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዛሬ የቤተሰብ ስም ይዘዋል ሊባል ይችላል፤ እውነት ነው፣ ግን አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም አስመዝግቦ ይሆናል። ደግሞስ ለሕዝብ የተከፈተው የአሜሪካ ቆጠራ እስከ እ.ኤ.አ. 1950 ያለው ነው፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ እዚያ የገባው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። አገር ውስጥም የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን የታተመው ውጤት የሰው ስም ሳይሆን የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ የቀጨኔን ሰው በስም የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያን፣ የትምህርት ቤት፣ የእድርና የቀበሌ መዝገብ ቢያገላብጥ ይሻለዋል።

እነዚህ መዛግብት በፊደላችን የተጻፉ ናቸው፤ ችግሩም የራሳችን ነው። የቀጨኔን ደብር ስም፣ መድኃኔዓለምን፣ ተመልከቱ፦ «ኃ» በስድስት፣ «ዓ» በአራት ሞክሼ ፊደል ሊጻፉ ስለሚችሉ ስሙ ንባቡ ሳይለወጥ 24 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ለእኛ የሚበጀው ማውጫ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጎ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ከሰፈር ጋር አብሮ የሚይዝ ነው። ግእዝ አዋቂዎች ፊደል ማቀላቀል ትርጉም ማጥፋት ነው ይላሉ፤ ተገቢ ስጋት ነው። ግን ማውጫው መፈለጊያ እንጂ መዝገብ አይደለም፤ ጸሐፊው ያሰፈረው ቃል እንዳለ ይቀመጣል። ይህም ሆኖ የማይፈታ ነገር ይቀራል። በዓለም ስሙ ተስፋዬ የሚባለው ሰው በክርስትና መዝገብ ወልደ ሚካኤል ተብሎ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስሞች አጠገብ ለአጠገብ የጻፈ መዝገብ ከሌለ፣ የሚያገናኛቸው የዘመድ ቃል ብቻ ነው።