የ12 ፓውንዱ ካፖርት፦ ውጭ አገር እየተማሩ በልክ መልበስ

ለትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ቀን እየቆጠራችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጃችሁን ለመሸኘት ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ከሆነ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የብርድ ጃኬት ከአዲስ አበባ አትግዙ። እኔ ገዝቻለሁ። ለማስተርስ ወደ እንግሊዝ ሊድስ ከተማ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ እማዬ ዕቁብ የወጣላትን ገንዘብ ይዛ ቦሌ አንድ ቡቲክ አስገባችኝ። አንገቱ ላይ ፀጉር ያለው፣ ሲያዩት ሳይቤሪያን የሚያሻግር የሚመስል ጃኬት በ2 ሺህ 200 ብር ገዛችልኝ። ከ23 ኪሎው ሻንጣዬ ሁለት ኪሎውን የበላው እሱ ነው። ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሊድስ ደረስኩ። የጠበቀኝ ግን በረዶ ሳይሆን ከጎን የሚመጣ ዝናብና ጃንጥላ የሚገለብጥ ነፋስ ነበር። ጃኬቱ ውሃውን እንደ ስፖንጅ መጠጠው፤ በማግስቱም አልደረቀም።

ሁለተኛው ስህተቴ የመጣው ከስልኬ ካልኩሌተር ነው። ያኔ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አንድ ፓውንድ በባንክ 36 ብር ገደማ ነበር። ዝናብ የማያስገባ ደህና ጃኬት 90 ፓውንድ ይላል፤ በ36 ሳባዛው ከ3 ሺህ 200 ብር ያልፋል። የእማዬ የወር ጡረታ ይህን አይሞላም። መልሼ ሰቀልኩትና ከአንድ ርካሽ መደብር የ15 ፓውንድ ጃኬት ገዛሁ። ዚፑ በሦስት ሳምንት ተበጠሰ። በ22 ፓውንድ ሌላ ገዛሁ፤ እሱ ደግሞ ትከሻው ላይ ውሃ ያስገባል። ኅዳር ሲገባ ሦስት ጃኬት ኖሮኝ አሁንም ይበርደኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ጉንፋን ይዞኝ ከክፍል ቀርቻለሁ።

ቢዝነስ ተምሬ ይህን አለማስላቴ ዛሬም ያስቀኛል። የልብስ ዋጋ የሚታወቀው መለያው ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ለስንት ቀን እንደምትለብሱት ስታካፍሉት ነው። የ90 ፓውንዱን ጃኬት ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል 180 ቀን ብለብሰው በቀን 50 ሳንቲማቸውን ወጣ ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ይተርፋል። የ15 ፓውንዱ ለ21 ቀን አገልግሎ በቀን ከ70 በላይ አስከፍሎኛል። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ ወደ ብር መመንዘሩን ቢያንስ ለሚያሞቃችሁና ለጫማ ተዉት። ለሌላው ግን መንዝሩ፤ ከብዙ የማይረባ ግዢ ያድናል።

ያዳነችኝ ከናይጄሪያ የመጣች የክፍሌ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ሄዲንግሊ ወደሚባለው ሰፈር ወስዳ ቻሪቲ ሾፕ አስገባችኝ። ሰዎች የለገሱት ልብስ፣ መጽሐፍና ሳህን የሚሸጥበት፣ ገቢው ለበጎ አድራጎት የሚውል፣ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች የሚያገለግሉበት ሱቅ ነው። እኛ በእርዳታው የምናውቀው ኦክስፋም እንዲህ ያሉ ሱቆች አሉት፤ ብሪቲሽ ሃርት ፋውንዴሽን፣ ካንሰር ሪሰርች እና ሳልቬሽን አርሚም እንዲሁ። በሩ ላይ ስቆም አንድ ነገር ያዘኝ። ያገለገለ ልብስ? እንግሊዝ አገር ድረስ መጥቼ ሳልቫጅ? በነገራችን ላይ ልክ ነበርኩ፤ እነዚህ ሱቆች ሳይሸጡት ከቀረው ልብስ ብዙው በቦንዳ እየታሰረ ወደ ሌላ አገር ይሸጣል፣ አፍሪካንም ጨምሮ። እኔ ቦንዳው ሳይታሰር ደረስኩ ማለት ነው። ከማንጠልጠያው መሃል ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት አገኘሁ፤ 12 ፓውንድ።

እንዴት እንደምትመርጡ ልንገራችሁ፤ ዋናው ይህ ነውና። መጀመሪያ የውስጡን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከግማሽ በላይ ሱፍ ከሆነ ብርድ ይይዛል፣ ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር ከሆነ ቢያምርም እለፉት። ቀጥሎ ወደ መብራት አዙሩት፤ ብል የበላው ቀዳዳ በብርሃን ይታያል። ብብቱን፣ የአንገቱን ዙሪያና ገበሩን ዳብሱ። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ቁልፍ ቢጎድል ችግር የለም፤ ብብቱ ከሸተተ ግን ዋጋው ምንም ይሁን አትንኩት። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ጫማ አዲስ ግዙ። ያገለገለ ጫማ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰፈርም ምረጡ፤ ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ የሚለገሰውም ልብስ ደህና ነው። አሁን ደግሞ ሰው ለሰው ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ቪንትድ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ነገር ግን ልካችሁን በደንብ ሳታውቁ አትጀምሩት።

በዚያው ሰሞን እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ካፖርቱን ለብሼ ነበር። "ተነሺ፣ ዙሪልኝ እስኪ" አለች። ዞርኩላት። "ይሄ ነው ልብስ! ስንት ገዛሽው?" ስትለኝ አፌ ተሳሰረ። "በቅናሽ ነው" ብዬ አለፍኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

ካፖርት ብቻውን ግን አይበቃም። ዲሴምበር ላይ ሊድስ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤ ውጭ ይበርዳል፣ አውቶቡስና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ያልባችኋል። መፍትሔው ደራርቦ መልበስ ነው፦ ከሥር ቴርማል የሚሉት ቀጭን የውስጥ ልብስ፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ወይም ካፖርት። ከአገር ቤት ይዛችሁ ሂዱ የምላችሁ አንድ ነገር ቢኖር ጋቢ ነው። ማታ ጋቢ ደርቤ ሳጠና ማሞቂያ የማላበራባቸው ቀኖች ነበሩ። ለምርቃት ቀን ደግሞ አንድ የሐበሻ ቀሚስ።

ውሃ የማያስገባው ጃኬት እስከ ዲሴምበር 26 ቆየኝ። ያ ቀን ቦክሲንግ ዴይ ይባላል፤ ከእነሱ ገና ማግስት ጀምሮ የብርድ ልብስ ዋጋ ይወርዳል። ከምትችሉት ሁሉ ወደዚያ ሳምንት አስተላልፉ። ልክ ስትመርጡ የእነሱ ቁጥር እንዳያሳስታችሁ፤ የእኛ 38 ጫማ እዚያ 5 ነው፣ የሴት ልብስ 40 ደግሞ 12። እግራችሁ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የልጆች ክፍልን ሳታዩ አትውጡ። እንግሊዝ ውስጥ 20 በመቶው ቫት በልጆች ልብስና ጫማ ላይ አይጣልም፤ አንድ ዓይነት ስኒከር በልጆች ክፍል በብዙ ረክሶ አግኝቻለሁ። በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላችሁ ዩኒዴይስ ላይ ከተመዘገባችሁም ብዙ መደብሮች የተማሪ ቅናሽ ይሰጣሉ።

ስለ ቅናሽ ግን እንደ ማርኬቲንግ ሠራተኛ አንድ ምሥጢር ላውጣ። "ዛሬ ብቻ" የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው እንዳታስቡ ነው። ተሰርዞ ከጎኑ የተቀመጠው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ዓይናችሁ መጀመሪያ እንዲያርፍበት የተቀመጠ ነው። እኔም ለእንጀራዬ ይህንኑ እሠራለሁ። ከሁሉ የምፈራላችሁ ኦንላይን ስትገዙ "አሁን ውሰዱ፣ በሦስት ጊዜ ክፈሉ" የሚለውን ነው። ሦስት ጓደኞቼ የልብስ ዕዳቸው ከቤት ኪራይ ቀን ጋር ገጥሞባቸው አይቻለሁ። ኦንላይን የገዛችሁትን ዕቃ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ በሕግ መብት አላችሁ። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትን ግን ጉድለት ከሌለው መመለስ በሱቁ ፈቃድ ነው፤ ደረሰኝ አትጣሉ።

ለስጦታና ለጥገና ወደ ከርክጌት ገበያ ሂዱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ1884 እ.ኤ.አ. የተጀመረው እዚያ ነው፤ ማይክል ማርክስ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ፔኒ በሚሸጥበት መደብ። ዚፕ የሚቀይርና እጅጌ የሚያሳጥር ሰውም እዚያ አታጡም። ከቤት የሚመጣውን "ይዘሽልኝ ነይ" ዝርዝር በጊዜ ተቀበሉ፤ መጨረሻ ሳምንት ላይ የሚገዛ ስጦታ ሁልጊዜ ውድ ነው፣ ሻንጣም አይበቃውም።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሻንጣውን የፈታችው እማዬ ናት። ካፖርቱን አወጣች፣ አገላበጠችው፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት የቻሪቲ ሾፑ የወረቀት መለያ ወጣ። ባታነበውም ይሻል ነበር ብዬ ተመኘሁ፤ ነገር ግን መምህርት ነበረች፣ እንግሊዝኛ ታነባለች። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

"የአንቺን የትምህርት ቤት ሹራብ ከየት የማመጣው ይመስልሽ ነበር?" አለችኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳልቫጅ ተራ ነው። እናንተ ስትተኙ አጥቤ፣ ጠዋት አዲስ ነው እያልኩ ነው ያሳደግኋችሁ።"

ካፖርቱን አሁን የምትለብሰው እሷ ናት፤ በሐምሌ ጠዋት ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ፣ ከላዩ ነጠላዋን ጣል አድርጋ። እጅጌውን ብቻ መርካቶ ወስዳ አሳጥራዋለች።