ቁመት የሚጨምረው ቀዶ ሕክምና ውጤቱ በምን ይለካል?

ለመሆኑ ያደገ ሰው ቁመት ሊጨምር ይችላል? ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ከተማ ባዳበረው ዘዴ ይችላል። አጥንቱ ይቆረጥና ከሳምንት ገደማ በኋላ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ያውም በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ጫፎቹ እንዲራራቁ ይደረጋል። በክፍተቱ አዲስ አጥንት ይበቅላል። ለጉዳተኞች የታሰበው ይህ ሕክምና ዛሬ ለጤነኞችም እየዋለ ነው፤ የቻይና ጤና ሚኒስቴር ግን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለውበት ሲባል እንዳይሠራ ከልክሏል።

በዚህ ስሌት አምስት ሴንቲ ሜትር በ50 ቀን ይገኛል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ወራት ይፈጃል። ጡንቻና ነርቭ ደግሞ እንደ አጥንት አይታዘዙም። የተረከዝ ጅማት ከተወጠረ ተረከዝ መሬት አልነካ ይላል፤ ፊዚዮቴራፒ የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ግድግዳ ተደግፎ በሜትር መለካት ያሳስታል። ማንም ሰው ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላልና! ሐኪሙ የሚያምነው ኤክስሬይን ነው። ከፊትና ከጎን ሲነሳ ከሚታዩት አራት የአጥንት ጠርዞች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ ካልገጠሙ ድጋፉ አይወልቅም። ታካሚው በበኩሉ ደረጃ መውረዱን፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳቱን፣ ሳያነክስ መራመዱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው ጋር ያስተያይ።